አውሮፕላኑ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው ተመልሶ ወጣ፣ እኛ መሬቱን እያየነው ፓይለቱ እንዴት አላየም?

የሰላድንጋይ ልጅ፦

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ስለ አቪዬሽን ምታውቁ ካላችሁ እስቲ በናታችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ባለፈው ነሐሴ እህቴ ባሕር ዳር ወልዳ ለክርስትናው እማዬን ይዣት ሄጄ ነበር፣ ስንመለስ በጠዋቱ በረራ መጣን። ከባሕር ዳር ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አዲስ አበባ አናት ላይ ስንደርስ ግን ከተማው ላይ ነጭ ጉም ተኝቶበታል፣ ደግሞ ስስ ነገር ነው፣ የትልልቆቹ ፎቆች ጫፍ ከላዩ ብቅ ብሎ ይታያል፣ በመስኮት ቁልቁል ስመለከት ቆርቆሮ ጣራ አየሁ፣ መንገድ አየሁ፣ መብራት ያበራ መኪና ሳይቀር አየሁ። ጎማው ወጥቷል፣ ወርደን ወርደን አሁን ነካን ስንል ሞተሩ ድንገት ጮኸና ከወንበራችን ጋር አጣበቀን፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሽቅብ ወጣ።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሥላሴ ሥላሴ ትላለች። ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብለው "አልቻለበትም፣ ለልጅ ነው የሰጡት" አሉ። ከዛ ለተወሰነ ደቂቃ ማንም ምንም አላለንም። ቆይቶ ካፒቴኑ በስፒከር በጭጋጉ ምክንያት እንደተመለሰና እንደገና እንደሚሞክር ተናገረ፣ ዞረን ዞረን በሁለተኛው በሰላም አረፍን፣ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ።

ችግሩ እማዬ ከዛ ወዲህ አውሮፕላን ሚባል ነገር አታንሱብኝ ብላለች፣ "ሊፈጀን ነበር" ነው ምትለው፣ ከሰላ ድንጋይ ባሕር ዳር ድረስ በመኪና ደግሞ የሷ ወገብ አይችለውም፣ የልጅ ልጇን ሳታይ ልትቀር ነው። ላስረዳት ብል እኔም አልገባኝም። እኛ ተሳፋሪዎቹ መሬቱን እያየነው ፓይለቱ እንዴት አላየሁም ይላል? እሺ ካላየስ ለምን እዛ ድረስ ወረደ፣ ከላይ ሆኖ አይወስንም ነበር? እውነት ሰውየው እንዳሉት የችሎታ ነገር ነው?

ቁንዲ፦

ወንድሜ እንኳን በሰላም ገባችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ዲስፓቸር ነው፣ ማለት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የአየሩን ሁኔታ አይተን ስንት ነዳጅ ይጫን፣ ማረፍ ባይችል ወዴት ይሂድ ሚለውን ከካፒቴኑ ጋር ምንወስነው እኛ ነን።

በመጀመሪያ ያየኸውን በትክክል አይተሃል፣ ጣራውም መኪናውም ነበሩ። ግን አንተ ያየኸው ቁልቁል ነው። ጉሙ ለምሳሌ 60 ሜትር ውፍረት ቢኖረው በመስኮት ቀጥ ብለህ ወደታች ስታይ ዓይንህ ሚያልፈው 60 ሜትር ጉም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጣራው ይታይሃል። ፓይለቱ ግን ጣራ አይፈልግም፣ እሱ ሚፈልገው ከፊቱ ያለውን ራንዌይ፣ ማረፊያ አስፋልቱን ነው። አውሮፕላን ደግሞ ወደ ራንዌይ ሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዲግሪ ነው፣ በጣም ለጥ ያለ ቁልቁለት ነው፣ በዛ በ3 ዲግሪ አቅጣጫ ያንኑ 60 ሜትር ጉም አልፎ ልይ ቢል ዓይኑ ከ1,100 ሜትር በላይ ጉም ማቋረጥ አለበት። ጉሙ አንድ ነው፣ ላንተ ስስ ነው ለሱ ግን ምንም አያሳየውም። ሰው ሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው፣ ከላይ በሩቁ ሲመጣ ራንዌዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፏ ብሎ ሊታየው ይችላል፣ ሚጠፋበት ወርዶ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ነው። ለዛ ነው ከላይ ሆኖ ዝም ብሎ በዓይኑ ሚወስነው ነገር የሌለው።

ለምን እዛ ድረስ ወረደ ላልከው፣ ሚወሰንበት ከፍታ ቀድሞ የተጻፈ ነው፣ ካፒቴኑ እዛው አየር ላይ ሚፈጥረው ቁጥር አደለም። አይ ኤል ኤስ ሚባል መሣሪያ አለ፣ ከራንዌዩ ዳር ሬዲዮ ጨረር ይልካል፣ አንዱ ግራ ቀኝ እንዳትል መሃሉን ያሳይሃል ሌላው የቁልቁለቱን ልክ ይሰጥሃል። በመደበኛው አይ ኤል ኤስ፣ ካት 1 ይሉታል፣ ያለምንም እይታ በመሣሪያ ብቻ መውረድ ሚቻለው ከመሬት እስከ 200 ጫማ ነው፣ 60 ሜትር በለው። እዛች ጋ ስትደርስ የራንዌዩን መብራቶች ወይም ራንዌዩን ራሱን ማየት አለብህ፣ ካላየህ ትወጣለህ። ይሄን ዲሲዥን ሃይት እንለዋለን፣ ብዙ ጊዜ ሚኒመም ብቻ ብለን እንጠራዋለን።

ከዛም በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። ራንዌዩ ዳር እይታው ስንት ሜትር እንደሆነ ሚለኩ መሣሪያዎች ይተከላሉ። ለካት 1 ቢያንስ 550 ሜትር ይፈለጋል፣ አውሮፕላኑ ከኤርፖርቱ 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳይደርስ ቁጥሩ ከዛ በታች ነው ከተባለ ወደታች መቀጠል ክልክል ነው። 1,000 ጫማውን ካለፈ በኋላ ቢወርድበት ግን እስከ ሚኒመም ሄዶ ማየት ይፈቀድለታል። የናንተው ካፒቴን ቁጥሩ በቂ ነው ተብሎ ወርዶ እቦታው ሲደርስ ያጣው ይመስለኛል፣ ጉም ደግሞ አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም፣ በተለይ ፀሐይ ልክ ስትወጣ መሬቱን ነካ ነካ ታደርገውና ከመግፋቱ በፊት ጭራሽ ሚወፍርበት ጊዜ አለ።

አሁን ጊዜውን አስበው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው ላይ ሚነበበው ፍጥነት አንድ ቢሆንም አውሮፕላኑ ቆላ ላይ ቢያርፍ ከሚሮጠው በላይ ነው እዚህ ሚሮጠው፣ አንድ ቦይንግ 737 ቦሌ ሲወርድ በሰዓት ወደ 290 ኪሎሜትር ነው። 200 ጫማ ላይ ሲደርስ መሬት ለመንካት 15 ሰከንድ ገደማ ነው የቀረው። እዛች ጋ "ቆይ ትንሽ ልይ" ሚባል ነገር የለም።

ኤፍ ኤስ አር፦

ቁንዲ ያልከውን እኔ በየክረምቱ አየዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ሮቢት ጭነት ነው ምሠራው፣ ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ጉሙ ሲጫን ቀና ስትል ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይታይሃል፣ ወደጎን የሱፍ ኮፍያ ሚሸጡት ልጆች ይታዩሃል፣ ከፊትህ ያለው መኪና ግን የኋላ መብራቱ እስኪደርስህ የለም። አንድ ነገር ልጨምርበት፣ እኛ ካቃተን ዳር ይዘን እንቆማለን፣ ፍሬቻ አብርተን ረዳቱን ወደኋላ ልከን እስኪገፍ እንጠብቃለን፣ ደብረ ሲና ቆሎ እየበላን ሁለት ሰዓት የጠበቅንበት ቀን አለ። አውሮፕላን ዳር የለውም። መቆሚያው ሰማይ ላይ ነው። ስለዚህ ወደላይ ወጣ ማለት ዳር ያዘ ማለት ነው፣ ለእናትህ እንደዚህ ብለህ ንገራቸው ይገባቸዋል። መንገዱን ያውቁት የለ።

ዝም አልልም፦

ማብራሪያው ጥሩ ነው ግን እኔ ሁለት ነገር አልተዋጠልኝም። አንደኛ አውሮፕላን በራሱ ያርፋል ይባል የለም እንዴ፣ አውቶፓይለቱ ማየት አያስፈልገውም፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን በጉም ምክንያት ሰው ይጨነቃል? ሁለተኛ ለደቂቃዎች ዝም ማለታቸው ትክክል ነው? አሮጊት ሴትዮ ሞትኩ ብላ እየጸለየች አንድ ቃል መናገር ምን ያህል ይከብዳል? ሕዝብ ስለማይጠይቅ ነው እንጂ ይሄ ንቀት ነው።

መሃል ሜዳ፦

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ረዳት አብራሪ ነኝ፣ ለሁለቱም ልመልስ። ጥያቄህ ንዴት አለበት ግን ተገቢ ነው።

በራሱ ማረፍ ሚለው እውነት ነው። ካት 2 ሚባለው ሚኒመሙን ወደ 100 ጫማ፣ እይታውን ወደ 300 ሜትር ያወርደዋል፣ ካት 3 ደግሞ ከዛም በታች ይሄዳል፣ አውቶፓይለቱ ጎማውን እስኪያስነካ ድረስ ይዞ ይወርዳል። ግን ይሄ ሚሆነው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው። አውሮፕላኑ መሣሪያው ሊኖረውና ያን ቀን ሁሉም በትክክል ሚሠራ መሆን አለበት፣ ሁለታችንም አብራሪዎች ለሱ ሰልጥነን በሲሙሌተር፣ ማለት መሬት ላይ ባለ መለማመጃ ማሽን፣ እየታደሰልን መሆን አለበት፣ ኤርፖርቱ ደግሞ የራንዌዩ መሃል መብራት፣ መብራት ሲጠፋ በሰከንድ ሚተካ ጄኔሬተር ምናምን ሊኖረው ይገባል። በዛ ላይ የአይ ኤል ኤሱ ጨረር እንዳይረበሽ አንቴናው አካባቢ መኪናም ሌላ አውሮፕላንም መጠጋት ስለማይችል አንዱ አርፎ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ሌላው ይጠብቃል። አንዷ ከጎደለች ወደ 200 ጫማህ ትመለሳለህ። አይ ኤል ኤስ በሌለበት፣ ተራራ በከበበው ኤርፖርት ደግሞ ሚኒመሙ ከዚህም ብዙ ከፍ ይላል።

ዝምታውን በተመለከተ እዛች ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ገና ከላይ መውረድ ሳንጀምር ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ካላየን በየት በኩል እንወጣለን፣ ስንት ጫማ ላይ እንቆማለን፣ ማን ምን ይነካል። አንዱ መሣሪያው ላይ አፍጥጦ ያበራል ሌላው ይከታተላል፣ ወደ ሚኒመም ስንጠጋ ዓይኑን ወደ ውጭ ይወረውራል። ሚኒመም ሲባል መልሱ ሁለት ብቻ ነው፣ ወይ እቀጥላለሁ ወይ ጎ አራውንድ፣ ማለት ማረፉን ትቶ ተመልሶ መውጣት። ሦስተኛ መልስ የለም፣ ዝም ካለም ጎ አራውንድ ነው። ጎ አራውንድ ባልክበት ቅጽበት ኃይሉን ሙሉ መስጠት፣ አፍንጫውን ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ማንሳት፣ ለማረፍ ክንፉ ላይ የተዘረጋውን ፍላፕ አንድ ደረጃ መሰብሰብ፣ ከፍታ እየጨመረ መሆኑን አረጋግጦ ጎማ ማስገባት፣ ከዛ በተጻፈው መስመር መጠምዘዝ፣ ታወሩ እየጠራህ ነው፣ ከፍታ ይሰጡሃል፣ ሌላ አውሮፕላን አለ። አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተራራ ነው፣ እንጦጦን ከጎንህ አድርገህ ለተሳፋሪ ንግግር ማድረግ አትችልም። በሥራችን ቅደም ተከተሉ ከባድ ሕግ ነው፣ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ማብረር፣ ቀጥሎ የት እንዳለህ ማወቅ፣ ማውራት ሦስተኛ ነው። የናንተ ካፒቴን ሥራውን ሲጨርስ ተናግሯል። እናትህን ያስፈራቸው ያ ዝምታ ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ሥራቸው ላይ እንደነበሩ ሚያሳይ ነው።

"አልቻለበትም" ላሉት ሰውዬ ግን መልስ መስጠት አለብኝ ምክንያቱም ይሄ አባባል ሰው ይገድላል። ያልቻለበት ሚባለው ሳያይ የቀጠለ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2010 ስሞሌንስክ፣ ሩሲያ ላይ የፖላንዱን ፕሬዝዳንት ሌህ ካቺንስኪን የያዘ አውሮፕላን በከባድ ጉም ከሚኒመሙ በታች ወርዶ ዛፍ መታ፣ 96 ሰው አለቀ። ማርች 2015 ካትማንዱ ላይ የቱርክ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ330 የመጀመሪያውን ሙከራ ትቶ ወጣ፣ ትክክል አደረገ፣ በሁለተኛው ግን ራንዌዩን በደንብ ሳያይ ከሚኒመም በታች ቀጠለና ጎማው ራንዌዩን ስቶ ሳር ውስጥ ገባ፣ በተአምር ማንም አልሞተም፣ አውሮፕላኑ ግን ከጥቅም ውጪ ሆነ፣ ኤርፖርቱም ለ4 ቀን ተዘጋ። ያው ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ጋ ወጡ ሌላው ጋ ቀጠሉ።

ደግሞ ዓለም ላይ ያለው ችግር ፓይለቶች ቶሎ ቶሎ መውጣታቸው አደለም። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን ሚባለው ድርጅት ባጠናው መሠረት ፍጥነቱ ወይም ከፍታው ሳይስተካከል ከሚወርዱት፣ ማለት በሕጉ መውጣት ካለባቸው ውስጥ፣ በትክክል ጎ አራውንድ ሚያደርጉት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኛው "ይስተካከላል" ብሎ ይቀጥላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይስተካከልለታል፣ እሱ ነው አደጋው።

ዝም አልልም፦

እሺ የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ፣ ስለ ዝምታውም ገብቶኛል። ግን እንደምታወራው መውጣቱ ራሱ ንጹህ ነገር አደለም። ማርች 2016 ሩሲያ ሮስቶቭ ላይ የወደቀው የፍላይ ዱባዩ 737 ጎ አራውንድ እያደረገ አደል እንዴ የወደቀው? 62 ሰው ነው ያለቀው። ሰው ሲፈራ ምክንያት አለው፣ እናትየዋም ምክንያት አላቸው።

መሃል ሜዳ፦

እውነትህን ነው፣ ይሄን ሳልል ማለፍ አልነበረብኝም። ሮስቶቭ ላይ ንፋስና ዳመና ነበር፣ አንዴ ሞክረው ወጡ፣ አየር ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ጠበቁ፣ ሌሊት ነው፣ በሁለተኛው ሲወጡ ወደቁ። የሆነው ነገር ከጆሮ ጋር ይያያዛል። ውስጠኛው ጆሯችን ፍጥነትን ከመዘንበል አይለይም፣ አውሮፕላኑ በሙሉ ኃይል ወደፊት ሲወረወር ውጭ ምንም ሳይታይህ ከሆነ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ሽቅብ የተነሳ ይመስልሃል፣ ልትገለበጥ የደረስክ ያህል ይሰማሃል፣ እጅህ ደግሞ ሳታዘው ወደፊት ይገፋል። አውሮፕላኑ ጉዞውን ጨርሶ ነዳጁን ስላቃጠለ ቀላል ነው፣ ቀላል ሲሆን ኃይሉ ይበዛል፣ ስሜቱም ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሕሬን ላይም የገልፍ ኤር አውሮፕላን ማረፉን ትቶ ሲወጣ በዚሁ ምክንያት ባሕር ገብቶ 143 ሰው ሞቷል።

ታዲያ መፍትሔው አለመውጣት አደለም፣ መውጣትን መለማመድ ነው። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ስንገባ የማይቀር ነገር ቢኖር ጎ አራውንድ ነው፣ በሁለት ሞተር፣ በአንድ ሞተር፣ ከሚኒመም ላይ፣ አንዳንዴ ጎማው ሊነካ ሲል። ትእዛዙ አንድ ነው፣ ጆሮህን አትመን፣ መሣሪያውን እመን። ሌላው ደግሞ ቀድሞ መወሰን ነው፣ ሳትጠብቀው ሲመጣብህ ነው ሚከብደው። እኔ ጉም ባለበት ጠዋት ስወርድ በሐሳቤ እየወጣሁ ነው ምወርደው፣ መብራቱ ከታየ ማረፉ እንደ ተጨማሪ ነው ምቆጥረው። ካፒቴኔም ካላየ እኔም ካላየሁ "ጎ አራውንድ" ማለት እችላለሁ፣ ካልኩ ደግሞ ይወጣል፣ በማዕረግ ብንለያይም ክርክር የለም፣ ክርክሩ መሬት ላይ ነው ሚሆነው።

የአንኮበሯ፦

እኔ ሆስተስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁን ትቼዋለሁ። የካቢኑን ላውራላችሁ። እኛም ቀድመን አናውቅም፣ ወንበራችን ላይ ቀበቶ አስረን ወደናንተ ዞረን ተቀምጠን ነው ሞተሩ ሚጮኸው፣ ድምፁን ስንሰማ ገባን ማለት ነው። የዛኔ መነሳት አይፈቀድልንም፣ ከፊት ስልክ እስኪደወልልን እንጠብቃለን፣ ፊታችንን ግን ሁሉም ያየናል። አንድ እናት ከፊቴ ተቀምጠው ዓይኔን ብቻ ሲያዩ ትዝ ይለኛል፣ እኔ ደንግጬ ቢያዩኝ እሳቸው ይሞቱ ነበር፣ ፈገግ ብዬ በእጄ "ምንም የለም" አልኳቸው፣ ቀበቷቸውን ጠበቅ አድርገው ተቀመጡ።

በጣም ሚያሳዝነኝ ግን ስንወርድ ሚሆነው ነው። በር ላይ ቆመን "መልካም ቀን" ስንል ካፒቴኑን ሚሳደብ ሰው አይጠፋም፣ "ሰው አስፈራራህ፣ ስብሰባ አስረፈድከኝ"። ካፒቴኑ ሰምቶ ዝም ይላል። ያ ስድብ እኮ የትም አይጠፋም፣ በሚቀጥለው ጉም ላይ አብሮት ይወርዳል። ሰዉ ሲያርፍ ያጨበጭባል፣ እኔ ምለው ጭብጨባው ለመውጣቱ ነበር ሚገባው። በተማርነው መሠረት ጎ አራውንድ ያደረገ አብራሪ አይቀጣም፣ ለምን አደረግክ ተብሎም አይወቀስም፣ ሆን ተብሎ እንደዛ ነው የተደረገው፣ ተሳፋሪው ግን መልሶ ይወቅሰዋል።

ወንድሜ ለእናትህ ግን እንዲህ አድርግ። ቤት ውስጥ "ሊወድቅ ነበር" ሚለው ወሬ ይቅር፣ እህትህም ጎረቤትም እንዳያነሱባቸው፣ ምክንያቱም አልሆነም። ሲሳፈሩ ለሆስተሷ በጆሮዋ "እናቴ ባለፈው ስለተመለሰ ፈርታለች" በላት፣ እመነኝ መጥታ ታያቸዋለች፣ ስትወርዱም ታስታውሳቸዋለች። ክንፉ አካባቢ ወንበር ጠይቅላቸው፣ መናጡ እዛ ይቀንሳል። ደግሞ ሳትነሱ ንገራቸው፣ "ጉም ካለ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ወንበሩ ይገፋሻል፣ ጎማው ሲገባ ከሥር ዷ ይላል" ብለህ ድምፁን ሁሉ አንድ በአንድ። ሰው ሚፈራው ሳያውቀው ሲመጣበት ነው።

የሰላድንጋይ ልጅ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እንደዚህ ዘርዝሮ ሚነግረኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ዛሬ ማታ ለእማዬ ቁንዲ ያለውን የ60 ሜትሩን ነገር ወረቀት ላይ ሥዬ ነው ማሳያት። አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሷም ደጋግማ ምትጠይቀኝ ይሄንኑ ነው፣ "በሁለተኛውም ባይሆን ኖሮስ? ነዳጁ ቢያልቅስ?" ትለኛለች። ስንት ጊዜ ነው ሚሞከረው? ደግሞስ ጉም ማይበዛበትን ሰዓት መርጬ ብቆርጥላት ይሻላል?

ቁንዲ፦

እሱ የኔ ሥራ ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው ምመልስልህ። ነዳጅ ሚጫነው ባሕር ዳር ቦሌ ሚል ብቻ አደለም። ለጉዞው ሚበቃው አለ፣ በላዩ ለመንገድ መጠባበቂያ ይጨመራል፣ ከዛ ቦሌ ደርሶ ማረፍ አቅቶት ወጥቶ ሌላ ኤርፖርት ሄዶ ሚያርፍበት ሙሉ ይጫናል፣ ያ ሌላ ኤርፖርት ገና ሳይነሳ በስም ተመርጦ የአየሩ ሁኔታም ታይቷል። ለምሳሌ ድሬዳዋን ብትወስድ ቆላ ስለሆነች የቦሌ የጠዋት ጉም ብዙ ጊዜ እሷን አያገኛትም። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ማይነካ የ30 ደቂቃ ነዳጅ አለ። ማይነካ ስልህ፣ ካፒቴኑ ያቺን ሊነካ እንደሚችል ካወቀ ሜይዴይ ፊውል፣ ማለት የነዳጅ አስቸኳይ ጥሪ፣ ብሎ ያውጃል፣ ሰማዩ ሁሉ ለሱ ይለቀቅለታል፣ ስለዚህ አሠራሩ እዛ ሳይደረስ ቀድሞ ወደ ሌላው ኤርፖርት መዞር ነው።

ስንት ጊዜ ይሞከራል ላልከው በብዙ አየር መንገዶች ሁለት ጊዜ ነው፣ ከሁለት በኋላ አየሩ በግልጽ ካልተሻሻለ ወደተመረጠው ቦታ ይኬዳል። ሦስተኛ ሚከለከለው ሰው ስለሚደክም ነው፣ ተስፋም ስለሚያታልል፣ በእያንዳንዱ ሙከራ "አሁንስ ይታያል" ሚለው ነገር ይበረታል። በሁለተኛው ባይሆንላችሁ ኖሮ ድሬዳዋ ወይ ሌላ ቦታ አርፋችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ጉሙ ሲገፍ ትመለሱ ነበር፣ ከሰዓት ደርሳችሁ ሰላ ድንጋይ ማታ ትገቡ ነበር፣ በቃ ይሄው ነው።

እኛ ሌሊት ስንሠራ ምናየው የአየሩን ሙቀትና ጤዛ ሚጀምርበትን ሙቀት ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮች እየተጠጉ ከሄዱ፣ ንፋሱ ከቆመ፣ ሰማዩ ከጠራና ማታውን ዘንቦ ከነበረ ንጋት ላይ ጉም ይመጣል ብለን አየር ላይ ዞሮ ሚጠብቅበት ተጨማሪ ነዳጅ እንጨምራለን። ነዳጅ ክብደት ነው፣ ለሱ ሲባል ጭነት ሚቀርበት ቀን አለ፣ ይቅር።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ክረምትና ክረምት መውጫ ላይ ከሆነ ከንጋት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ተወው፣ የቦሌ ጉም ብዙ ጊዜ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይገፋል። ግን ከሰዓትን አትምረጥላቸው፣ በክረምት ከ8 ሰዓት በኋላ ነጎድጓዱና ዝናቡ ይመጣል፣ በሱም ጎ አራውንድ አለ፣ መናጡ ደግሞ ከጉሙ ይብሳል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ሚያርፍ በረራ ፈልግላቸው። በጥቅምትና በኅዳር ከሄዱ ደግሞ ከሰዓቱም ይሻላል፣ ዝናቡ ስለሚያቆም።

ኤፍ ኤስ አር፦

ጥቅምት ከሆነ እኛም ጋ መንገዱ ይጠራል። ቦሌ ስትደርሱ ደብረ ብርሃን ድረስ መኪና ካጣችሁ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እናትህን ከፊት አስቀምጬ አመጣቸዋለሁ።